ቀላል ምላጭ ሁሉ ጥሩ ምላጭ አይደለም

እንግሊዛዊው የሰው ዘር አጥኚ ኤድዋርድ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ስለ አኝዋክ ሕዝብ አስተዳደር የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1940 ታተመ። በዚያው ሰሞን ከጣሊያን ጋር ጦርነት ተነሳና ሰውየው ወደ አኝዋክ ምድር የተመለሰው ብዕርና ወረቀት ይዞ ሳይሆን በመኮንንነት ነበር። የተሰጠው 15 ጠመንጃና ለእያንዳንዱ 50 ጥይት ነው። ተዋጊዎቹን ከአኝዋክ መንደሮች እየመለመለ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ የሰፈሩትን ጣሊያኖች ዕረፍት እንዲነሳቸው ታዘዘ። የዛሬው የጋምቤላ ክልል ጎግ ወረዳ፣ ፑኝዶን ጨምሮ፣ የሚገኘው በዚሁ በጊሎ አገር ነው።

ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ያን ዘመቻ የሚመለከት ማስታወሻውን እ.ኤ.አ. በ1973 በአንድ የጦር መጽሔት ላይ አወጣው። ስለ ሰዎቹ የሰጠው ምስክርነት ሁለት ፊት አለው። ጀግኖች ናቸው ይላል። ነገር ግን መተኮስ የሚወዱት ከወገብ ነው፣ ሰደፉን ትከሻቸው ላይ ቢያደርጉም በማነጣጠሪያው አያዩም፤ ስለዚህ ውጤት የሚገኘው ጠላት አፍንጫ ሥር ድረስ ወስደው ሲያስተኩሷቸው ነው ይላል። ይህን ያነበበ ሁሉ «አኝዋኮቹ ማነጣጠር አያውቁም ነበር» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ፍርዱ ግማሹን ብቻ ያየ ይመስለኛል። የአኝዋክ ሰው ከጠመንጃ ጋር የተዋወቀው በዚያ ጦርነት አይደለም። በዝሆን ጥርስ ንግድ በኩል ከደጋ የወረደው ውጅግራ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ እጁ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1912 ከሱዳን በኩል በመጣው የእንግሊዝ ጦር ላይ ከባድ ጉዳት ያደረሰውም በጠመንጃ ነው። የጎደለው የተኩስ ልምምድ ነው። በነፍስ ወከፍ 50 ጥይት የተሰጠው ሰው ጥይቱን ለልምምድ አያወጣውም። የዘመኑ የወታደር ጠመንጃ ምላጭ ደግሞ ሆን ተብሎ ከባድና ረጅም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በማነጣጠሪያ ያስተካከሉት ነገር በዚያ ምላጭ ስበት ሊበላሽ ይችላል። ልምምድ ለሌለው ሰው ተጠግቶ መተኮስ የአላዋቂ ሥራ አይመስለኝም፤ ከመሣሪያውና ከጥይቱ ልክ የመጣ ውሳኔ ነው።

የምላጭ ስበት ማነጣጠርን ማበላሸቱ ዛሬ በወረቀት ኢላማ ላይ በሚተኩሱ ስፖርተኞች ዘንድ በቁጥር የሚለካ ሆኗል። ስለዚህ ከጠመንጃው ወደ ሽጉጥ፣ ያውም በየተኩሱ ራሱ ቀለህ ተፍቶ አዲስ ጥይት ወደሚያጎርሰው የውድድር ሽጉጥ ልሻገር።

የ25 ሜትር የሽጉጥ ውድድርን እንውሰድ። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ መሠረት ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ማነጣጠሪያ ያለው ርቀት ቢበዛ 220 ሚሊ ሜትር ነው። በዝግታ የሚተኮስበት ኢላማ የ10 ነጥብ ክብ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 50 ሚሊ ሜትር ነው። አሁን ሁለት ስሕተት እናወዳድር። የመጀመሪያው፣ ሽጉጡ ሳያዘነብል ክንዱ ብቻ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ ጥይቱም የሚስተው በዚያው በ1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነጥቡ አይነካም። ሁለተኛው፣ የኋለኛው ማነጣጠሪያ ባለበት ቆሞ ፊተኛው 1 ሚሊ ሜትር ቢዞርስ? 25 ሜትርን ለ220 ሚሊ ሜትር ስናካፍለው 113 አካባቢ ይመጣል። ጥይቱ ከመሃል 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ያርፋል፣ 10 የነበረው ነጥብ 6 ይሆናል። ጀማሪ ሁሉ እጄ ይንቀጠቀጣል ብሎ ያማርራል። የእጅ መወዛወዝ ግን በአብዛኛው ይቅር የሚባል ነው፤ ይቅር የማይባለው መዞሩ ነው። ሽጉጥን በመጨረሻዋ ቅጽበት ከሚያዞሩት ነገሮች ዋናው ምላጭ የሚስበው ጣት ነው።

ታዲያ ምላጭ ሲሳብ ውስጥ ምን ይሆናል? መዶሻው በጠንካራ ሞላ ተወጥሮ ወደ ኋላ ተይዟል። የያዘው አንዲት ትንሽ የብረት ጥርስ ናት፤ በመዶሻው ላይ በተቆረጠች ጠርዝ ውስጥ ገብታ እንደ በር መቀርቀሪያ ትቆልፈዋለች። ምላጩ ሲሳብ ጥርሷ ከጠርዙ ላይ እየተንሸራተተች ትወጣለች፣ መዶሻው ይለቀቃል፣ የጥይቱን ቂጥ የሚመታውን መርፌ ይገፋል። ጣት የሚሰማው ነገር ሁሉ የሚመጣው ከዚህች መንሸራተት ነው። ሁለቱ ብረቶች የተነካኩበት ፊት ሻካራ ከሆነ ምላጩ እየተንቀጫቀጨ ይመጣል። ጥርሷ በጥልቀት የገባች ከሆነ መንገዱ ይረዝምና ተኳሹ «አሁን ነው፣ አሁን ነው» እያለ ይጨነቃል። የሞላው ኃይል ደግሞ ጥርሷን ከጠርዙ ጋር ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያጣብቃት ይወስናል።

በውድድር ሽጉጥ የሚወደደው ምላጭ ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ልል የሆነ ጉዞ አለው፤ ጣት ያለ ጭንቀት ይሄድበታል። ከዚያ አንድ ቦታ ሲደርስ ደንደን ይላል። እዚያ ላይ ተኳሹ ቆሞ ማነጣጠሪያውን ያስተካክላል፣ ትንፋሹን ይገታል፣ ከዚያ ጥቂት ግፊት ሲጨምር ምንም መሳብ ሳይሰማው ይለቀቃል። ከተለቀቀ በኋላም ምላጩ ወዲያው መቆም አለበት። ወደ ኋላ ሸርተት ካለ ጣቱ የያዘው ግፊት በድንገት መደገፊያ ያጣና ሽጉጡን ይገፈትረዋል፤ ጥይቱ ደግሞ ገና ከአፈሙዙ ላይወጣ ይችላል። ብዙ ሰው ምላጭ ሲገመግም ክብደቱን ብቻ ይጠይቃል። ልምድ ያለው ተኳሽ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ የሚለቀቅበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ነው ወይ? 1 ኪሎ ሆኖ በየተኩሱ አንድ ዓይነት የሆነ ምላጭ፣ ግማሽ ኪሎ ሆኖ አንዴ ቶሎ አንዴ ዘግይቶ ከሚለቅ ምላጭ ይሻላል። ቀላሉ ያሳስታል፤ ከባዱ ግን ይለመዳል።

ክብደትን በተመለከተ ደንቡ ራሱ ወለል አስቀምጧል። በ25 ሜትር ውድድር ምላጩ ከ1000 ግራም በታች መሆን አይችልም። በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ወለሉ 500 ግራም ነው። ፍተሻው ሲታይ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። አፈሙዙ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ይያዛል፣ ልኩ የታወቀ ክብደት ምላጩ ላይ ይንጠለጠላል፣ ክብደቱ ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ተብሎ ይነሳል። ምላጩ ሳይለቅ ክብደቱ አየር ላይ ከቆየ አለፈ፤ «ቀጭ» ካለ ወደቀ። ፍተሻውን የማያልፍ ሽጉጥ ለውድድሩ አይፈቀድም። በአንጻሩ የፖሊስና የወታደር ሽጉጥ ምላጭ በአብዛኛው ከ2 ኪሎ በላይ ነው። ሽጉጡ ራሱ ባዶውን ብዙውን ጊዜ 1 ኪሎ አይሞላም፤ ማካሮቭ ለምሳሌ 730 ግራም ነው። ጣት ከመሣሪያው ክብደት እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል እየሳበ መሣሪያው እንዳይዞር የሚጠብቀው የቀረው መዳፍ ብቻ ነው። የአገልግሎት ሽጉጥ በ25 ሜትር ላይ ለምን እንደሚያስቸግር ከዚህ ይገባናል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ለምን ይበልጥ አያቀሉትም? የሚያቀሉ አሉ። በ50 ሜትር ነጻ ሽጉጥ ውድድር የምላጭ ክብደት ወለል የለም። በዚያ ሽጉጥ ምላጩ በጥቂት አስር ግራም እንዲለቅ ተደርጎ ይሠራ ነበር። ያ ግን አንድ ጥይት ብቻ የሚያጎርስ መሣሪያ ነው። በራሱ በሚያጎርስ ሽጉጥ ላይ ነገሩ ይለወጣል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው።

በራሱ የሚያጎርሰው ሽጉጥ ሲተኮስ የላይኛው ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ይወረወራል፣ ቀለሁን ይተፋል፣ መዶሻውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ከዚያ በሞላ ኃይል ወደ ፊት ተመልሶ ከካዝናው አዲስ ጥይት እየገፋ ይዘጋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት የተኳሹ ጣት ገና ምላጩን አልለቀቀም። ታዲያ መዶሻው ለምን እንደገና አይወድቅም? ምክንያቱም በምላጩና በጥርሷ መካከል አንድ ለያይ ብረት አለ፤ ተንሸራታቹ ሲንቀሳቀስ ግንኙነቱን ይቆርጠዋል። ጣት ምላጩን ለቆ ወደ ፊት ካልመለሰው በቀር ግንኙነቱ አይገናኝም። ለአንድ ስበት አንድ ጥይት የሚሆነው በዚህ ብልሃት ነው። ጥርሷ ግን አሁንም ተንሸራታቹ ሲዘጋ የሚፈጠረውን ግጭት መቻል አለባት። ብረት ከብረት ሲላተም መላ አካሉ ይናወጣል። ጥርሷ መዶሻውን የያዘችው በጣም በቀጭን ጫፍ ከሆነ በዚያ ንዝረት ትወጣለች። ያኔ ሽጉጡ ማንም ሳይስበው ሁለተኛውን ጥይት ይተኩሳል፤ አንዳንዴም ካዝናው እስኪያልቅ ይቀጥላል።

ስለዚህ የከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ምላጭ ሁለት ጌታ አለው። አንደኛው ጣት ነው፣ አጭርና ለስላሳ ይሁንልኝ ይላል። ሁለተኛው ያ ተንሸራታች ብረት ነው፣ ጥርሷ ጠልቃ ትያዝልኝ ይላል። የጥሩ ሽጉጥ ሠሪ ጥበብ ሁለቱን ማስታረቅ ነው። የተነካኩትን ፊቶች እንደ መስታወት ማለስለስ፣ የጠርዞቹን ማዕዘን በትክክል መቁረጥ፣ ሁለቱን ደረጃዎች የሚያስተካክሉ ብሎኖች ማበጀት የእርሱ ሥራ ነው። የጀርመኑ ቫልተርና የጣሊያኑ ፓርዲኒ የውድድር ሽጉጦች ዋጋቸው የሚወደደው ለአፈሙዙ ብቻ አይደለም፤ ለዚችም ጥርስ ነው።

እዚህ ላይ ሳላነሳው ማለፍ የማልፈልገው ሰው አለ። የሶቪየቱ ሽጉጥ ንድፍ ሠሪ ሚካኤል ማርጎሊን በወጣትነቱ ጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት ቁስል ዓይነ ስውር ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ በስሙ የሚጠራውን ባለ 5.6 ሚሊ ሜትር የኢላማ ሽጉጥ የነደፈው። ክፍሎቹን በሸክላና በሰም እየቀረጸ በእጁ እየዳሰሰ ይሠራ ነበር ይባላል። ሽጉጡ በዓለም ዙሪያ በተኳሾች እጅ ገብቷል። ኢላማውን ማየት የማይችል ሰው የኢላማ ሽጉጥ መሥራቱ እንግዳ ይመስላል። ነገር ግን ከላይ ያየነውን ስሌት ላስታወሰ ሰው ብዙም አይገርምም፤ የሽጉጡ ግማሽ ጉዳይ ከጣት ጋር ነውና።

አሁን ምላጭን ወደ ማሻሻሉ እንምጣ። ምላጬ ከበደ፣ ምላጬ ተንቀጫቀጨ ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው ጽዳት ነው። እንደ ጋምቤላ ባለ ቆላ፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ባለችበት፣ በጋው አቧራ ክረምቱ ወበቅ ነው። ለረጅም ጊዜ የቆየ ዘይት ከአቧራ ጋር ተጋግሮ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ዝገትም በቀላሉ ይጀምራል። አሮጌው ዘይት ተጠርጎ በጥቂት ጠብታ ስስ ዘይት ሲተካ ምላጩ አዲስ የሆነ የሚመስለው ለዚህ ነው። ጥቂት ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ዘይት ማብዛት አቧራ መጥራት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው አያያዝ ነው። የጣቱ መጀመሪያ ሥጋ፣ ከጥፍሩ ሥር ያለው መሃሉ፣ ምላጩ ላይ ማረፍ አለበት። ጣት በጣም ከገባ ሽጉጡን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል፣ በጣም ካጠረ ይገፋዋል። ለዚህ ነው የውድድር ሽጉጥ እጀታ በተኳሹ መዳፍ ልክ የሚቀረጸው፣ ምላጩም ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲስተካከል የሚደረገው። ሽጉጡ ፋብሪካው ያበጀለት ማስተካከያ ብሎን ካለው መመሪያውን እያነበቡ በእርሱ መጠቀም ይቻላል። ብሎን ከሌለው ግን እዚያው ላይ መቆም ነው።

ፋይል ይዞ ጥርሷን ልሞርድ የሚል ሰው ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። በብዙ ሽጉጦች ላይ የእነዚህ ትንንሽ ክፍሎች ጥንካሬ ያለው በቆዳቸው ላይ ብቻ ነው። ብረቱ በእሳት ሲጠነክር የሚጠነክረው ስስ የውጭ ሽፋኑ ነው፤ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ነው። ፋይሉ ያን ሽፋን ካለፈ ምላጩ ለጥቂት ጊዜ ድንቅ ይሆናል። ከዚያ ለስላሳው ብረት በየተኩሱ እየተበላ ጠርዙ ይዶለዱማል። አንድ ቀን ተንሸራታቹ ሲዘጋ፣ ወይም ሽጉጡ ከጠረጴዛ ሲወድቅ፣ ጥይቱ በራሱ ይሄዳል። ሞላ እየቆረጡ ማሳጠርም ያው ነው። መዶሻው ይደክምና ጥይቱ አልፎ አልፎ አይነሳም፣ ተኳሹም አሁን ይነሳ ይሆን አይነሳ ይሆን እያለ የባሰ ይረበሻል። ይህ ሥራ ለሙያተኛ ብቻ የሚተው ነው።

የቀረው ማሻሻያ ከጣት ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠውም እርሱ ይመስለኛል። ሃንጋሪያዊው ወታደር ካሮይ ታካች እ.ኤ.አ. በ1938 የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁ ላይ ፈንድቶበት የሚተኩስበትን እጅ አጣ። በግራ እጁ ከባዶ ጀመረ፤ በለንደን 1948 ኦሊምፒክ በፈጣን ተኩስ ወርቅ ወሰደ፣ በሄልሲንኪ 1952 ደገመው። ፈጣን ተኩስ ማለት ዛሬ ባለው አሠራር አምስት ኢላማ ላይ አምስት ጥይት በ8፣ ከዚያ በ6፣ ከዚያ በ4 ሰከንድ ማለት ነው። በ4 ሰከንድ ውስጥ ምላጭን አምስት ጊዜ ሳያዞሩ መሳብ የሚለመደው ብዙ ባዶ በመሳብ ነው። በየአገሩ ያሉ ወታደሮች የሚያውቁት ዘዴ አለ፦ ጥይት የሌለው መሣሪያ አፈሙዝ ጫፍ ላይ ሳንቲም ተቀምጦ ምላጩ ይሳባል፤ ሳንቲሙ ካልወደቀ ጣቱ ቀጥ ብሎ ሄዷል። በባለ 5.6 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዚያ ጥይት መምቻ ዳሩ ላይ ስለሆነ በባዶው ሲሳብ መርፌው የጥይት ማደሪያውን ጠርዝ ራሱን ሊመታና ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ የልምምድ ባዶ ቀለህ ይገባበታል፤ ወይም ሽጉጡ ለባዶ ልምምድ የተሠራ ማስተካከያ ካለው እርሱ ይበራል።

ሌላው ዘዴ ደግሞ አስተማሪው ሳያሳይ በካዝናው ውስጥ ጥይትና ባዶ ቀለህ ማቀላቀል ነው። ተኳሹ ይጮኻል ብሎ የጠበቀው ጥይት ባዶ ሲሆን አፈሙዙ ቁልቁል ሲደፋ ሁሉም ያየዋል። ያ መደፋት ጆሮ ድምፁን፣ እጅም ርግጫውን አስቀድሞ ፈርቶ የሚያደርገው ነው። ምላጩን የቱንም ያህል ቢያለሰልሱት ፍርሃቱን አያወጣውም።

ኢትዮጵያ እስካሁን ያገኘችው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሁሉ ከአትሌቲክስ ነው። አልሞ ተኳሽ በፉከራና በቀረርቶ በሚወደስበት አገር የወረቀት ኢላማ ስፖርት እዚህ ግባ የሚባል ስም አለማግኘቱ ይገርመኛል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ጥይት ውድ ነው፣ መሣሪያ በእጃችን ለጥበቃና ለጸብ እንጂ ለጨዋታ አልተለመደም፣ ሕጉም ጥብቅ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። በጎግና በአካባቢው ሰው መሣሪያን የሚያውቀው በሐዘንም ጭምር ነውና ጥብቅነቱን አልቃወምም።

ለዚህም ነው አንድ ነገር ለይቼ የምናገረው። የ1 ኪሎ ምላጭ የውድድር ሜዳ ምላጭ ነው። እዚያ ሽጉጡ የሚጎርሰው ትእዛዝ ሲሰጥ ብቻ ነው፤ አፈሙዙ ወደ ኢላማው ካልሆነ ወደየትም አይዞርም፣ ተኩሱ ሲያበቃ ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። ያንኑ ምላጭ በወገብ ላይ፣ በጋቢ ሥር፣ በመኪና ወንበር መካከል የሚያስቀምጥ ሰው ራሱንና አጠገቡ ያለውን ለአደጋ ይዳርጋል። በወገብ የሚያዝ መሣሪያ ምላጭ ከባድ የሆነው በምክንያት ነው፤ ፈቃድ ያለህ አንባቢ ሆይ፣ አታስቀልለው።